«ከማን ጋር» የሚለው ዓምድ

«ቀበቶሽን ፍቺና እዚህ አስቀምጪው» አለች አጥኚዋ።

ልጆቹ «ጭምቷ» የሚሏት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቀበቶውን ፈታች። በላዩ የተሰፋችው፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ መሣሪያ የታጠቃትን ሰው እንቅስቃሴ ትቆጥራለች። አጥኚዋ ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣችው ልጆች ስለ ጨዋታቸው የሚናገሩትና አካላቸው የሠራው ምን ያህል እንደሚገጥም ልትለካ ነበር። ስለዚህ ሃያ ተማሪዎች ለአምስት ቀን ቀበቶ ታጠቁ፤ ማታ ማታም ቅጽ ሞሉ፤ ምን እንደሠሩ፣ ስንት ደቂቃ፣ ከማን ጋር።

ጭምቷ ወደዚህ ሰፈር ከመጣች ስድስት ወር ሆኗታል። በዕረፍት ሰዓት፣ ማንም እንዳይታዘባት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዲያ ወዲህ ትንጎራደድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማታ «ከማን ጋር» ከሚለው ዓምድ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። እናቷ ልብስ እያጣጠፉ፣ «ከማን ጋር ተጫወትሽ የኔ ልጅ?» ሲሏት አፏ ቀደማት።

«ከረጅሟ ጋር። ገመድ ዘለልን።»

«ተመስገን! ጓደኛ አገኘሽልኝ ማለት ነው!» የእናቷ ፊት በራ። ያን ብርሃን ማጥፋት አልሆነላትም፤ ያለችውን ጻፈችው። ረጅሟ በአንድ ዴስክ አብራት የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ «ትንሽ ጠጋ በይ» ከማለት በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

ከማግስቱ ጀምሮ መሣሪያው እንዳያሳጣት ፈራች። ደወል ሲደወል ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ትሄድና፣ ገመድ ሳትይዝ፣ እጆቿን እያሽከረከረች ሃያ ደቂቃ ትዘላለች፤ ማታም ያንኑ ስም ትጽፋለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእርሷ ግን እያደር ከበዳት፤ ጉልበቷም ታመመ።

አጥኚዋ መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታ ቁጥሩን ከቅጹ ጋር አመሳከረችና ሳቀች።

«ጎበዝ! ከመጀመሪያው ቀን በቀር የጻፍሽውና የተቆጠረው አንድ ነው። ሌሎቹ እኮ አሥር ደቂቃ ሮጠው አንድ ሰዓት ይላሉ። አንዱማ ቀበቶውን ውሻው ላይ አስሮት ነው የከረመው!»

«አቦ፣ ቶሎ በይ ጭምቷ! ተገትረን ልንቀር ነው እንዴ?» አለ ከበሩ ውጭ ተራ የሚጠብቅ ልጅ።

አጥኚዋ ሌላ ቅጽ አነሣች። «አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። የረጅሟ መሣሪያ ውሃ ገብቶበት አልቆጠረም። በቅጿ ደግሞ በዕረፍት ሰዓት ስታነብ እንደነበር ትላለች። አንቺ አብረን ዘለልን ትያለሽ፤ ላንቺ መሣሪያው መሰከረልሽ። እንግዲህ የእርሷ ቅጽ የማይታመን ተብሎ ይወጣል ማለት ነው።»

ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተች። ጭምቷ ከአጥኚዋ ክንድ ሥር የረጅሟን ቅጽ አየችው። «ከማን ጋር» በሚለው ዓምድ፣ በተስተካከለ ጽሕፈት፣ አንዲት ቃል አምስት ጊዜ ተደርድራለች፤ ብቻዬን። ረጅሟ ይህን ስትጽፍ እርሳሷ የቆመ አይመስልም።

«ግልባጩ ወደ ቤት ይላካል?» ስትል ጭምቷ ጠየቀች።

«አዎ፣ ነገ ለወላጅ ይደርሳል።»

የእናቷ ፊት ታያት።

«እትዬ፣ እርሷን አይሰርዟት። መዝለሉን ዘልያለሁ፤ እርሷ ግን አልነበረችም።»

አጥኚዋ እስክሪብቶዋን አወረደች። «ታዲያ ከማን ጋር ነበርሽ?»

ጭምቷ የራሷን ቅጽ ወደ ራሷ ሳበችና በረጅሟ ስም ላይ ቀጭን መስመር አሰመረች፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አድርጋ። ከጎኑ ያችኑ የረጅሟን ቃል ጻፈች። ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወረደች።

«አምስቱንም ቀን?» አለች አጥኚዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አምስቱንም።»