የመንበረ ጥድና ስድስቱ ሻማዎች

መንበረ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ሸዋረገጥና ሁለት ዓመት ካልሞላው ወንድሟ ከሀብተጊዮርጊስ ጋር ትኖር ነበር። ስሙ ከቁመቱ ስለሚበልጥ ሁሉም ሀብቴ ይሉታል።

መንበረ ጎበዝ ልጅ ናት። መዝሙር ታጠናለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ ወንድሟን ታዝላለች። አንድ ነገር ብቻ ያስቸግራታል። ቆይ ሲሏት አይሆንላትም። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ልጅ አለ? እጅ አታውጡ፤ አውቃችኋለሁ።

ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የገና ዛፍ ካልተሠራ ብላ እናቷን አላስቀምጥ አለች። “ትንሽ ቆዪ፣ ቅጠሉ ይደርቃል” ቢሏትም አልሰማችም። በመጨረሻ የጥድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ መጣ። ድንጋይና አፈር በሞላበት የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተተከለ። መንበረ ከሲጋራ ፓኮ የሚወጣውን ብልጭልጭ ወረቀት እየለቀመች ኮከብ ሠራችለት። ስድስት ትንንሽ ሻማዎችም ቅርንጫፎቹ ላይ ታሰሩ። ከዚያ ጥጥ ባዝታ ከላይ እስከ ታች በተነችበት። ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው! ጅማ ላይ እንዲህ ያለ በረዶ ማን አይቶ ያውቃል? ማንም። ግን ፖስት ካርድ ላይ ያለው ዛፍ በረዶ ስላለበት የእኛም ይኑረው ተባለ።

ሦስት ሳምንት ለተቆረጠ ቅርንጫፍ ረጅም ጊዜ ነው። ጥዱ ቢጫ ሆነ። ሲነኩት ይረግፍ ጀመር።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዋዜማ ነው ብሎ ከስብሰባ መቅረት አይታሰብም። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ነጠላቸውን ለበሱና በሩ ላይ ቆም አሉ።

“መኔ፣ ሀብቴ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ አደራ። ዛፉ ላይ ያሉትን ሻማዎች እኔ ሳልመጣ እንዳትለኩሺ። ደርቋል፣ አየሽው አይደል?”

“እሺ እማዬ።”

“ክብሪቱንም እንዳትነኪ።”

“እሺ አልኩ እኮ!”

እናቷ እንደወጡ ሱዓድ መጣች። ሱዓድ የጎረቤታቸው የእትዬ ዘይቡ ልጅ ናት። እነሱ እስላም ስለሆኑ የገና ዛፍ የምታየው እዚህ መጥታ ነው። ዛፉን ዞር ዞር ብላ አየችው።

“ሻማው ሲበራ እንዴት ይሆናል?” አለች።

መንበረ ክብሪቱ ወዳለበት ተመለከተች። የእናቷን ቃል አልረሳችም። ግን ያቺ መቆየት የማትወደው ልቧ “ለአንድ ደቂቃ ብቻ” አለቻት። አንድ ደቂቃ ምን ያመጣል? ቤቱ እንዲጨልም መስኮቱንና በሩን ዘጋች። ክብሪቱን ጫረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ስድስቱንም አበራቻቸው።

ልጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ በጣም ያምር ነበር። ብልጭልጩ ወረቀት ሁሉ ነፍስ ዘራ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ሳይቀር ወርቅ መሰለ። የዛፉ ጥላ አቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ወጥቶ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። መንበረ ቤተ መቅደስ የገባች መሰላት።

“ሱብሃነላህ!” አለች ሱዓድ በሹክሹክታ።

ከዚያ አንደኛው ሻማ ዘመም አለና ጥጡን ነካው። መንካት ብቻ ነው። መንበረ እፍ ልትለው አየር እስክትስብ ድረስ እሳቱ ከታች እስከ ጫፍ ደርሶ ነበር። ደረቁ ጥድ ተንጣጣ። እሳቱ ከቅርንጫፉ ወደ ጋዜጣው፣ ከጋዜጣው ወደ ኮርኒሱ ዘለለ። እንዲህ የሚፈጥን ነገር አይታ አታውቅም። ያ ያማረ ብርሃን አሁን ያገሳል።

ሱዓድ ወደ በሩ ሮጠች።

“አትክፈቺው!” ብላ ጮኸች መንበረ። “ሰው ያየናል! ለእማዬ ይነግሩብኛል!”

አያችሁ? ቤት እየነደደ እሷ የምትፈራው ቁጣን ነው። ጥፋቱን ሊደብቅ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ይሞኛል።

“ሀብቴስ?” አለች ሱዓድ።

መንበረ ዞረች። አልጋው ከዛፉ ማዶ ነው። ጭስ ሸፍኖታል። ከጭሱ ውስጥ ሕፃኑ ሲያስል ተሰማ። “ሀብቴ!” ብላ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ወላፈኑ ፊቷን ገርፎ መለሳት። ሱዓድ በሩን በርግዳ ወጣች።

“እማ! ኢቢዳ! እሳት! እሳት!”

እትዬ ዘይቡ ግቢያቸው ውስጥ ጆንያ ላይ ያሰጡትን ቡና እያገላበጡ ነበር። ለቅመው፣ ተሸክመው፣ ስንት ቀን ፀሐይ ሲጠብቁ የከረሙበት ቡና ነው። ምንም አልጠየቁም። ጆንያውን በሁለት እጃቸው ይዘው መነጨቁት። ቡናው አፈር ላይ ተበተነ። ዞረው እንኳ አላዩትም። ጆንያውን የውሃ በርሜል ውስጥ ነክረው እየሮጡ መጡ።

“ኮቱ! ነይ ውጪ ልጄ!” ብለው መንበረን በክንዷ ጎትተው አወጧት። ከዚያ እርጥቡን ጆንያ ራሳቸው ላይ ጣሉና “ቢስሚላሂ!” ብለው ጭሱ ውስጥ ገቡ።

እትዬ ዘይቡ እኮ አይጥ ሲያዩ ወንበር ላይ የሚወጡ ሴት ናቸው! መንበረ አፏን ይዛ ቆመች። ጊዜው አላልፍ አለ። “አምላኬ፣ ወንድሜን” አለች፤ ሌላ ጸሎት ጠፋባት።

እትዬ ዘይቡ በጆንያው የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ወጡ። ጥቅሉ ያለቅስ ነበር። የሕፃን ልቅሶ እንዲህ ደስ ሲያሰኝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ኮርኒሱን ጎትቶ አወረደ፤ ውሃ እያቀባበለ እሳቱን አጠፋ።

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ እየሮጡ ደረሱ።

“ማነው የለኮሰው?”

ሱዓድ አቀረቀረች። እትዬ ዘይቡም ወደ መንበረ ተመለከቱ። ሀብቴ ገና አፉን አልፈታም። መንበረ “ሀብቴ ክብሪት ነካ” ብትል ማን ያውቃል? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በጥላሸት የጠቆረውን ትንሽ ፊቱን አየችው።

“እኔ ነኝ እማዬ” አለች። “አትለኩሺ ብለሽኝ ለኮስኩ። ሱዓድ በሩን ልትከፍት ስትልም ከልክያታለሁ።”

እናቷ አልመቷትም። መጀመሪያ ሀብቴን አቅፈው በቆሙት በእትዬ ዘይቡ እግር ላይ ወደቁ።

“ኧረ በአላህ፣ ተነሺ ሸዋዬ!” አሉ እትዬ ዘይቡ። “ስለ ቡናው ነው? ቡና አፈር ላይ ቢወድቅ ይለቀማል። ልጅ ግን ይለቀማል?”

በማግስቱ ገና ነው። የሰፈሩ ልጆች ሜዳ ላይ ገና ይጫወታሉ። መንበረ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች እትዬ ዘይቡ ግቢ ገብታ ተንበረከከች። ማንም አላዘዛትም። ቡናውን ከአፈሩ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች።

“በዓልሽ ነው እኮ፣ ሂጂ ተጫወቺ” አሏት።

“አይ እትዬ ዘይቡ፣ ልጨርስልዎት።”

ሀብቴ ድክ ድክ እያለ መጣና አጠገቧ ዘፍ አለ። የሚረዳት መስሎት አፈር ዘግኖ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። መንበረ እጁን ያዘችው። ሞቃት ነበር። አምስቱም ጣቶቹ ነበሩ። እግዚአብሔር በጎረቤቷ እጅ የመለሰላትን ይህን ትንሽ እጅ አየችው፣ አየችው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ትልቅ ሰው በሌለበት ሻማ አትለኩሱ፣ ጥጥና ደረቅ ቅጠል ባለበት ደግሞ ማንም ሰው አያብራ፤ ጥፋት ብታደርሱም ሳትደብቁ ቶሎ ሰው ተጣሩ።