የማዙርካ ፊደል

ሰውየው ሰዓት አክባሪ ነበር። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ላይፕሲግ ባቡር ጣቢያ ቢራ ቤት ገባና ከኮንራድ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«እግዜር ሙያችንን ይባርክ!»

«አሜን፣ ይባርክልን።»

የአታሚዎች ሰላምታ ነው። ኮንራድና ከምዕራብ የሚላከው ሰው የሚተዋወቁበት የምስጢር ቃልም እሱው ነበር። ኮንራድ የማተሚያ ፊደል ማቅለጫው ውስጥ ስድስት ዓመት እርሳስ ሲያቀልጥ ኖሯል፤ በምዕራቦቹ ዘንድ ግን የምስጢር ስሙ «አናጺ» ነው። በምሳ ቋጠሮው ውስጥ፣ ከዳቦው ሥር፣ ማዙርካ የተባለችው ፊደል የምትቀለጥባቸው የመዳብ ቅርጾች ተደርድረዋል።

ማዙርካ በ1949 የተወለደችው ለፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ነው። ወፍራም፣ ጅራተ ረጅም፣ ትንሽ ሞቅ ያላት ፊደል። ሽማግሌው ሎተር አንድ ክረምት ሙሉ አጎንብሶ ቀረጻት። ሰርከሱም ሲኒማውም ተሻማባት። የበርሊን ግንብ ሲቆም ግን የምሥራቁ መንግሥት ሽያጯን አግዶ የመውጫ ፈቃድ ራስጌ አደረጋት። የቅባቷ ልጅ በር ጠባቂ ሆነች። እሷን ያልያዘ ከድንበር ወደ እስር ቤት ነው።

ኮንራድ ለናሙና አንዲት የእርሳስ ፊደል ገፋለት።

«እስቲ ያዛት።»

ሰውየው ወደ ዓይኑ አስጠጋት።

ኮንራድ የምሳ ቋጠሮውን ወደ ጉልበቱ ሳበ።

ሊመጣ የነበረው የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነው፤ ፊደል ለቃሚ ደግሞ ፊደል አያይም። አውራ ጣቱ ጎኗ ላይ ያለችውን ጭረት ይዳብሳል፤ ላይና ታቿን የሚለየው በዚያ ነው። ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋት ወይ ወርቅ ሠሪ ነው፣ ወይ ፖሊስ።

ወርቅ ሠሪ እንዲህ ዓይነት ወፍራም የፖሊስ ጫማ አያደርግም።

ቀጠሮውን የሚያውቅ ደግሞ ሎተር ብቻ ነው።

«የቀረውስ?» አለ ሰውየው።

«ሎተር ቤት። አልጋው ሥር።»

«ሽማግሌው ጋ? እሱማ ምንም የለኝም ብሎ ምሎ...»

ምላሱን ነከሰ። ዘግይቷል።

«ሽማግሌ አይደል፣ ለሁሉም ይምላል» አለ ኮንራድ፣ ቢራውን እየጠጣ።

ሰውየው ወደ ስልኩ ተጣደፈ። ኮንራድ በወጥ ቤቱ በኩል ወጣ።

ባቡሩ ላይ ኪሱን ዳበሰ። በማዙርካ ያተማቸው ሁለት ፈቃዶች። አንዱ የሎተር ነበር። ሽማግሌው ምሳ በበላ ቁጥር «ስሜን ከፊደሌ ፋቁት» ይል ነበር። ኮንራድን አሳልፎ ቢሰጥ ስሙን ሊመልሱለት ቃል ገብተው መሆን አለበት። ኮንራድ ወረቀቱን ቀዳዶ በመስኮት በተነው።

ድንበር ላይ ወታደሩ ራስጌውን አተኩሮ አየ።

ረጅም ጊዜ አየ።

«ታምራለች፣ አይደል? የማን እጅ ናት?»

«እንጃ ጌታዬ።»

«እለፍ።»

ቅርጾቹ ምዕራብ ደረሱ፤ በማዙርካ በታተመ ፈቃድ እስከ ፀደይ ድረስ ስልሳ ሁለት ሰው አለፈ። ከዚያ መንግሥት ነቃና ማዙርካን አቅልጦ ሌላ ፊደል አወጣ። ከሎተር አልጋ ሥር ምንም አልተገኘም። ሽማግሌው ግን ፖሊሶቹ ከወሰዱት በኋላ አልተመለሰም።

ከድንበሩ ማዶ፣ ብሬመን ውስጥ አንዲት አከራይ ከደረጃው ግርጌ ትጮሃለች።

«አቶ ፖል! ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ! አቶ ፖል!»

በአዲሱ ስሙ እሱን እየጠራች መሆኑ ለኮንራድ የገባው በሁለተኛው ጥሪ ነው።