ሁለተኛው ጥሪ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት የጨረስሁ ሰው ነኝ፣ በወረቀት ያልሰፈረ ነገር አይገባኝም። ላሊበላ ውስጥ ስለ ዛርና ስለ ቀትር ጋኔን ሲወራ ሰምቼ አልፋለሁ። ይህን ግን በጆሮዬ ሰማሁት።

ታናሽ እህቴ ይታይሽ ወገል ጤና ከተማ ትኖር ነበር፣ ባለፈው ክረምት አረፈች። በድምፅዋ የላከችልኝ መልእክት ሁሉ ስልኬ ላይ ባለው አካውንቴ ውስጥ ነው፣ ሌላ የቀረኝ የለም። የአንድ ጎረቤት አካውንት በሌባ ተወስዶ ያለው ሁሉ ሲጠፋ አየሁና፣ እኔ ዘንድ የምትኖረውን የይታይሽን ልጅ ሰናይትን ሁለተኛ ቁልፍ አስገቢበት አልኋት። ከእንግዲህ ከሚስጥር ቃሉ ሌላ በስልኬ የሚላክ ቁጥር ካልተጻፈ አይከፈትም።

«አክስቴ፣ ቁጥሩን ለማንም እንዳይነግሩ፣ ለኔም ቢሆን።»

«አንቺንማ ከድሮም አላምንሽ።»

ሳቀች። ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም፣ እናታችን በቀትር ከውጭ ስንጠራ ቶሎ «አቤት» ማለትን ከልክላን ነበር። «ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ሰው ያልሆነ አንዴ ብቻ ነው የሚጠራ» ትለን ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰናይት ሥራ ሄዳ፣ በቀትር ምስር ስለቅም ስልኬ ጮኸ፣ ያልጠየቅሁት ቁጥር መጣ። ገና እያነበብሁት ሳለ ከአጥሩ ውጭ ተጠራሁ።

«አለላ! የመጣልሽን ቁጥር በይኝ እስኪ።»

እመኑኝ፣ የይታይሽ ድምፅ ነው፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮዋን ይይዛት የነበረው እንኳ አልቀረም። አለላ የምትለኝም እሷ ብቻ ነበረች። አፌ ሲከፈት እጄን ጫንሁበት፣ ምስሩ ከሰፌዱ ፈሰሰ። ድገሚው አልሁ በልቤ፣ ድገሚውና እከፍትልሻለሁ።

አልደገመችም።

በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው፣ ከፍቼ ባይ ከፀሐይ በቀር ማንም የለም። ጎረቤቴ እትየ ጥሩ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምነው ከደጅሽ ሴት ስትጣራ ዝም አልሽ? ጆሮሽንም ጡረታ አወጣሽው? ደግሞስ አለላ የምትባል እንግዳ አለችሽ እንዴ?»

ማታ ሰናይት ነገሩን ሰምታ ፊቷ ተለወጠ። «ቁጥሩ የሚላከው ሚስጥር ቃሉን በትክክል ለጻፈ ሰው ነው፣ ለማን ነገሩት?»

ለማንም። ቃሉ «አለላ» ነበር።

ቃሉን ቀየርን። ቁጥሩን አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም፣ መልእክቶቹም አሉ። ባለፈው እሑድ አንድ በአንድ አዳመጥኋቸው፣ ይታይሽ በሁሉም ላይ «አለላ፣ አለላ» ብላ ነው የምትጀምር፣ ሁለት ጊዜ፣ እናታችን እንዳሳደገችን። እንግዲያ ያች እሷ አልነበረችም እላለሁ።

ቀትር ሲሆን ግን ሥራዬን አስቀምጬ ወደ አጥሩ እዞራለሁ። ሁለተኛው ጥሪ ገና አልመጣም።