ሐሙስ ዕለት መኪናዋን ማን አስነሳት

የሱሚሬ ወንድ አያት የመኪናቸውን ካንዴላ ፈትተው አወጡና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። በቤንዚን ርሷል። ሱሚሬ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

«ሞተሩ ሳይሞቅ ነው የጠፋው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ቁልፉ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም ጋ የለም።»

የዚህችን ቀይ «አርኤክስ ሰባት» መኪና አመል ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም። አስነስተው ወዲያው ካጠፏት ቤንዚን ያንቃትና በማግስቱ አልነሳም ትላለች። ስለዚህ አያቷ ትንሽ ፈቀቅ ሊያደርጓት እንኳ ሲያስነሷት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ አጠገቧ ቆመው ይጠብቃሉ። አሁን ግን ከራሳቸው ሌላ የሚጠረጥሩት ሰው አጡ፤ ራሳቸው አስነስተው የረሱት መስሏቸዋል።

ሐሙስ ዕለት ያስነሳት ወንድሟ ቶማ ነው። አያቷ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ቁልፉን ከመሳቢያቸው አውጥቶ፣ ድምጿን ለጓደኛው ሊያሰማ ወደ ደጅ አወጣት። ወዲያው ግን ፈራና መልሶ አስገብቶ አጠፋት። መንጃ ፈቃድ ካገኘ ገና ወሩ ነው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ሲለምናት ሱሚሬ እሺ አለች። ቀላል ነገር መስሏት ነበር።

በማግስቱ መኪናዋ አልነሳ ስትላቸው አያቷ ምድጃው አጠገብ «ጋዝ አጥፋ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ቀጥሎ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ መድኃኒታቸው ላይ። ወሬያቸው የማይጠገበው ሰው እራት ላይ ዝም ማለት ጀመሩ። እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከአክስቷ ጋር ስለ አረጋውያን መኖሪያ በስልክ ስታወራ ሱሚሬ ሰምታለች። ዛሬ ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ከእንግዲህ አልነዳም ብለው መንጃ ፈቃዳቸውን ለፖሊስ ሊመልሱ ነው። መኪናዋንም የሚወስድ ሰው ይመጣል።

አያቷ በወጣትነታቸው እዚሁ ሂሮሺማ፣ መኪናዋ በተሠራችበት ፋብሪካ ውስጥ፣ በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ሠርተዋል። ፒስተን የለውም፤ ውስጡ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው። ያኔ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ የውስጥ ግድግዳው ይቧጨር ነበር፤ ጭረቱንም የሰይጣን ጥፍር ይሉት ነበር። ሌሎች አገሮች ሰልችተው ሲተዉት፣ እነአያቷ ግን ግድግዳውን የሚነካውን የብረቱን ጫፍ ማሸጊያ፣ አንዱን ሲጥሉ ሌላውን ሲሞክሩ ቆይተው በመጨረሻ ድል አደረጉት። የዚህ ዓይነት መኪና ምርት ሲያበቃም ከመጨረሻዎቹ አንዷን ገዙ። «ጭረቱ ከውጭ አይታይም፤ የምታዪው ሞተሩን ስትከፍቺው ነው» ይሏት ነበር። ሰሞኑን ግን ይህንኑ የሚሉት ስለ ጭንቅላታቸው ሆኗል።

ጠዋት ቶማን «ንገራቸው» ብላው ነበር።

«አበድሽ እንዴ? ዳግመኛ መሪ አያስጨብጡኝም» አላት። «ደሞ አንድ ቀን መንዳት መተዋቸው አይቀር፤ አታካብጂ።»

ይህን ሲል ግን አይኗን አላያትም። እሱም ፈርቷል።

አያቷ ካንዴላውን በጨርቅ ጠረጉና ቀና አሉ። «ሱሚሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ትጨነቃለች ብዬ እሷን አልጠየቅኳትም። ሐሙስ ዕለት መኪናዋን አስነስቼ ነበር? አይተሽኛል?»

እንዲህ ፈርተው አይታቸው አታውቅም። ቶማ ኩሽናው መስኮት ላይ ቆሞ ያያታል፤ ራሱን በቀስታ ወዘወዘባት። ዝም ብትል ይበቃል። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ የቀረውን አያቷ ራሳቸው «ረስቻለሁ» ብለው ይጨርሱታል። ይህ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ አያቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እርስዎ አይደሉም፣ አባባ» አለች። «ቤት ነበርኩ፤ ያስነሳትን ሰው አይቻለሁ።»

አያቷ ጨርቁን እንደያዙ ትኩር ብለው አዩዋት። ማን እንደሆነ ገና አልጠየቋትም። ሲጠይቋት የቶማን ስም ትነግራቸዋለች።