ክዳን አልባው ሳህን

ሬሳው የተገኘው ከትልቅ ቁም ሣጥን ብዙም በማይሰፋ ክፍል ውስጥ ነው። የዶሮ ምርምር ጣቢያው ሠራተኞች «ሙቅ ክፍል» ይሉታል፤ ቀን ከሌት እንደ ዶሮ ገላ ይሞቃል። ጣቢያውን ሲመራ የኖረው ፕሮፌሰር፣ ማታ ማታ መብራት አጥፍቶ በሚያርፍበት በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ቀርቷል። ቁስል የለ፣ የትግል ምልክት የለ። ከትከሻው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ክዳን የሌላት አንዲት ትንሽ የመስታወት ሳህን ተቀምጣለች።

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ከገባችበት ሳትወጋ ስለማትወጣም ጭምር ነው። ጠዋት ስትደርስ የጣቢያው ሊቃውንት ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለው በሹክሹክታ ይከራከራሉ። ጆሮዋን ብትጥል ስለ ሟቹ የሚያወራ የለም፤ ክርክሩ የሟቹ ቢሮ ለማን እንደሚደርስ ነው። «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ወንበሩ ሞቀ» አለች በልቧ።

ምክትሉ የተተኮሰ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀበላት። ባለፈው ዓመት ዶሮዎችን ከአንጀት በሽታ በመድኃኒት ፈውሷል ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው፤ ሜዳሊያውን በክፈፍ አስገጥሞ፣ ከበሩ የገባ ሁሉ ሳያየው በማያልፍበት ቦታ ሰቅሎታል።

«እህቴ፣ ነገሩ አሳዛኝ ቢሆንም ቀላል ነው» አላት። «ልባቸው ደካማ ነበር። የላብራቶሪዋ ሠራተኛ ወደ ቤቷ ስትሄድ ውስጡን ሳታይ መቀርቀሪያውን ጣለችባቸው። ሙቀቱ ጨረሳቸው። መቼም ሆን ብላ አይደለም፤ ምስኪን ናት። ሕጉ እንዲራራላት እኔው ራሴ ቀርቤ እናገራለሁ።»

«ገና ሳትከሰስ ምሕረት ጀመሩላት?» አለች መርፌ።

ሠራተኛዋ ከመታጠቢያው አጠገብ በጓንቷ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች።

«እጄ ለምዶታል እኮ!» አለች። «ስወጣ ሁልጊዜ መቀርቀሪያውን እጥላለሁ። ትናንት መጣሌን አላስታውስም፤ ጠዋት ግን ተጥሎ ነው ያገኘሁት። ጋሼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ ስታሰር ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

«ማልቀሱን ቆይተሽ ትደርሺበታለሽ። ጠዋት በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ገና እንደከፈትኩት ራሴን አዞረኝ፤ ልወድቅ ስል በሩን ያዝኩ።»

«ሬሳ ያየ ሰው ያዞረዋል።»

«አይ፣ ገና ሳላያቸው ነው። አምፖሉንም አላበራሁ።»

መርፌ መልሱን ያዘች። ሙቅ ክፍሉን እንደገና ዞረችው። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ግድግዳውን ቀዶ በሚያልፍበት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ላይ ጥጥ ተወትፏል። ዙሪያው ሁሉ አቧራ ለብሶ ጥጡ ብቻ እንደ ወተት ነጭ ነው። ክዳን አልባውን ሳህንም ጎንበስ ብላ አየችው፤ ፊቱ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ክሬም መሳይ ነጠብጣቦች ሞልተውበታል።

«ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ምክትሉን ጠየቀችው።

ሰውየው ሳህኑን አላየውም፤ ያየው እሷን ነው። ማስተማር የሚወድ፣ ተማሪውን ግን የሚንቅ ሰው ዓይኑ ያስታውቃል።

«ለእርስዎ ለማስረዳት የረጅም ዘመን ትምህርት ይጠይቃል፤ እስቲ ላቅልልዎ። የዶሮን አንጀት ከተማ ነው ይበሉ። በሽታ አምጪው ባክቴሪያ ሌባው ነው። እኔ ሌባውን በመድኃኒት አባርረዋለሁ። ፕሮፌሰሩ ግን ከተማውን በጨዋ ነዋሪ ከሞላነው ሌባ ማደሪያ ያጣል ባይ ነበሩ። ጨዋው ባክቴሪያቸው ደግሞ ቅምጥል ነው፤ አየር ከነካው ይሞታል። ስለዚህ ሳህኖቹን በብረት ጣሳ አሽገን፣ አየሩን አስወጥተን፣ በምትኩ ናይትሮጅን ጋዝ እንሞላለን። አንዱ ሳህን ብቻ ክዳን ሳይገጠምለት ሙቅ ክፍል ውስጥ ያድራል። አየር የነካው እንደማይበቅል ለማነጻጸር ነው።»

«ጋዙ ይሸታል?»

«ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ዝም ብሎ የአየሩን ቦታ መያዝ ነው ሥራው።»

«ትናንት ማታ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ ውስጥ ነዋ! እሳቸው የዘሯቸውን ሳህኖች ተቀብዬ ጣሳዎቹን ጋዝ ስሞላ አመሸሁ። ያለን ሲሊንደር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለጣሳዎቹ ጨረስኩት፤ አዲሱ ገና ዛሬ ነው የሚመጣው፤ ከፈለጉ ባዶውን ይዩት። ጣሳዎቹ እኔው ክፍል ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ናቸው።»

«ይከፈቱልኝ።»

«በጭራሽ! በአንድ ሌሊት ቢበቅሉም የሚከፈቱት በሦስተኛው ቀን፣ ሲጎለምሱ ነው። ሰው ሞተ ተብሎ ሳይንስ አይቆምም።»

«ልክ ነዎት» አለች መርፌ፣ ትሕትናዋ ለራሷም እስኪያስቃት። ከዚያ ማሞቂያ ሣጥኑን በፖሊስ ማኅተም አሸገችው፤ በሩ ላይም ጠባቂ አቆመች። «ማንም እንዳይነካብዎት ብዬ ነው።»

ምክትሉ አመሰገናት። ፈገግታው ግን ከምስጋናው ትንሽ ዘግይቶ መጣ።

የሟቹ ሚስትና ታናሽ ወንድሙ በእንግዳ መቀበያው ተራርቀው ተቀምጠዋል። ወንድምየው ትልቅ የእንቁላል እርባታ አለው፤ ማታ ከፕሮፌሰሩ ጋር በስልክ ሲጯጯህ ሠራተኞቹ ሰምተውታል።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም» አለ። «ዶሮዎቼ ደም እያስቀመጣቸው እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። ወንድም ጋሼ ደግሞ ‹መድኃኒት አትስጥ፣ የእኔን ባክቴሪያ ጠብቅ› ይሉኛል። እስከ መቼ ልጠብቅ? አንድ ላባ እስኪቀረኝ?»

«ከጩኸቱ በኋላስ? መጥተው ገደሏቸው?»

«እኔ? እኔ እኮ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ!»

«በዶሮ እየኖሩ?»

«በእንቁላል ነው የምኖረው» አለ ተቀይሞ።

ሚስቲቱ አላለቀሰችም። የባሏን የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

«ጠላት ነበራቸው?» አለቻት መርፌ።

«ከዶሮ በቀር ያላስቀየመው የለም።»

«ሰሞኑን የነገሩዎት ነገር ይኖራል?»

«ማዕድ ላይ ‹በጣቢያው ስብሰባ ቀን ያልታመመ ዶሮ አድኖ የነገሠ ሰው አሳያችኋለሁ› ብሎ ብቻውን ሲስቅ ነበር። መቼም እሱ ሲቀልድ ሳቁም የራሱ ነው።»

«ማንን ነው ብለው አልጠየቁም?»

«ትዳሬን ሙሉ ስለ ዶሮ አንጀት ስሰማ ኖሬ አንድ ቀን ሳልጠይቅ ባልፍ ይፈረድብኛል?» ጨርቁን አጠፈችው። «አሁን እጠይቀው ነበር።»

መርፌ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። እንዲህ ያለውን ደረቅ ዓይን ታውቀዋለች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም በምክትሉ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ምክትሉ ከሜዳሊያው ሥር ቆመ። ሠራተኛዋ መታሰሯን ስለማትጠራጠር የልጆቿን ፎቶግራፍ በእጇ ይዛለች። መርፌ ክዳን አልባውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አንቺ» አለቻት ሠራተኛዋን፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ራስሽን ስትሰቅዪ ከረምሽ። ሐኪሙ ልባቸው ጤነኛ እንደነበረ ነግሮኛል። አንቺ መቀርቀሪያውን ጥለሽባቸው ቢሆን ኖሮ በሩን በቡጢ እየደበደቡ፣ አንቺን እየተሳደቡ ያድሩ ነበር። በእጃቸውም በበሩም ላይ የአንድ ቡጢ ምልክት የለም። ያንቺ መቀርቀሪያ ቢያስቆጣቸው እንጂ አይገድላቸውም።»

«ታዲያ ምን ገደላቸው?» አለ ወንድምየው።

«አየር ማጣት። ይህን ያስተማሩኝ ምክትሉ ናቸው፤ የረጅም ዘመን ትምህርታቸውን በአጭሩ። ይህ ባክቴሪያ አየር ከነካው አይበቅልም፤ ሳህኑም ክዳን ሳይገጠምለት ሬሳው አጠገብ አድሯል። ይኸው በቅሎ እያያችሁት ነው። እንግዲህ በዚያች ሌሊት እዚያ ክፍል ውስጥ አየር አልነበረም። ጠዋት በሩን የከፈተችውም ሬሳውን ሳታይ ያዞራት ለዚህ ነው፤ ሲወጣ የነበረውን ጋዝ ነው የተነፈሰችው። ጋዙ የገባው ከውጭ በሽቦው ቀዳዳ በተሰካ ቱቦ ነው። ገዳዩ ቱቦውን ሲነቅል አሮጌው ጥጥ ስለጠፋው በአዲስ ወተፈው። ሽታ የለውምና ፕሮፌሰሩ እንቅልፍ የመጣባቸው መስሏቸው ነው የሞቱት።»

ምክትሉ ሳቀ። «ልብ ወለድ ነው! የትኛው ጋዝ? ሲሊንደሩን ለጣሳዎቹ እንደጨረስኩት ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረውኛል። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ይክፈቷቸዋ።»

«አሁን… የክፍሉ አየር አይመችም።»

«አንቺ ክፈቺው» አለች መርፌ።

ሠራተኛዋ ማኅተሙን ቀድዳ የመጀመሪያውን ጣሳ ከፈተች። በውስጡ ያለው ሳህን እንደ አዲስ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። እስከ መጨረሻው ከፈተቻቸው፤ አንዲት ነጠብጣብ የለችባቸውም።

«ዘሩ ሞቶ ይሆናላ!» አለ ምክትሉ።

«ይኼኛውስ ከየት ተወለደ? ሁሉም የተዘሩት በአንድ እጅ፣ ከአንድ ጠርሙስ ነው።»

«ጣሳዎቹ አየር አስገብተው ይሆናል።»

«ተማክረው? አንድ ሳይቀሩ?» መርፌ አንዱን ጣሳ አንስታ ፊት ለፊቱ አስቀመጠችው። «ጋዝ መኖር ያለበት ቦታ አየር ነበር፤ አየር መኖር ያለበት ቦታ ጋዝ ነበር። ጣሳዎቹን ለወጉ ያህል አሽገው፣ ሲሊንደሩን በሙሉ አለቃዎ ላይ አራገፉት። ጠዋት አዲሱ ሲሊንደር ሲመጣ ሳህኖቹን በሌላ ሊተኩ አስበው ነበር፤ ማኅተሜ ቀደመዎት። ይህን ሳህን ግን ዞር ብለው አላዩትም። የሰው ሥራ ማየት ከክብርዎ በታች ነው።»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?»

«ያልታመመ ዶሮ ስላዳኑ። ለዚያ ሜዳሊያ ያበቁዎትን ዶሮዎች አንጀት ጣቢያው በጠርሙስ አስቀምጦታል። ከሌላ ተቋም የመጣ ባለሙያ መረመረው። ምንም መድኃኒት ያልተሰጣቸውና እንደ ቅጠል መርገፍ የነበረባቸው ዶሮዎች እንኳ አንጀታቸው የጭረት ያህል አልተነካም። ለሙከራው በሽታ አምጪውን ሊያጠጧቸው ሲገባ፣ ባክቴሪያ የሌለበት ባዶ መረቅ ነበር ያጠጧቸው። ፕሮፌሰሩ ይህን በስብሰባው ሊናገሩት ነበር።»

ወንድምየው ከወንበሩ ተነሣ። «ያንን መድኃኒት እኮ ለእኔም መክረኸኛል! ለዶሮ ብለህ ወንድሜን?»

«ለዶሮ አይደለም!» ምክትሉ ጮኸ። «ዕድሜ ልኬን የገነባሁትን ስም በአንድ ስብሰባ ሊያፈርሱት ነበር!»

«በአንድ ስብሰባ የሚፈርስ ከሆነ» አለች መርፌ፣ «ድሮም ግድግዳ አልነበረውም።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ካፖርቱን አስተካከለ፤ ኮሪደሩ ላይ የሚያየው ሰው ይኖራላ። ነበሩም። በሩ ከኋላው ሳይዘጋ ሊቃውንቱ የእሱን ቦታ ማን እንደሚይዝ ይንሾካሾኩ ጀመር።

ሠራተኛዋ ፎቶግራፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ልሂድ? ወደ ቤቴ ልሂድ?»

«ሂጂ። ከእንግዲህ ግን ስትወጪ አምፖል አብርተሽ እዪ።»

ሚስቲቱ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ሳህኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ያ ሁሉ ዘመን ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው፣ እትዬ» አለች ሠራተኛዋ ዓይኗን እየጠረገች።

«ያድጋል?»

«አሁንማ አየር ነክቶታል። ሞቷል።»

ሚስቲቱ ራሷን ነቀነቀች። ከንጹሖቹ ሳህኖች የአንዱን ክዳን አንስታ፣ በባሏ የመነጽር ጨርቅ ወለወለችውና በቀስታ ገጠመችው።