የሃርትዊግ ስልክ ለምን ዝም አለ

ሃርትዊግን ያገኙት በዋሻ ቤቱ ውስጠኛ ክፍል፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ነው። ስልኩ በቀኝ እጁ ነበር። በስልኩ ሦስት ጊዜ ወደ አደጋ ጥሪ ተደውሏል፤ አንዱም አልተገናኘም። አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም «ከተመታ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል» ስትል፣ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚቆፈርባት የአውስትራሊያዋ የኩበር ፒዲ ከተማ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ አንዲት ሴት ቀሰረ።

ቬርና ትሬሎር ትባላለች። ዕድሜዋ ሰባ አንድ ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ዓመት በስልክ ቴክኒሻንነት ሠርታለች። የስልክ ኩባንያው አዲስ የሶፍትዌር ማሻሻያ እስኪለቅ ዓመት ከመንፈቅ ያስጠብቃል፤ ያረጀ ስልክማ ከነጭራሹ ይረሳል። ቬርና ግን ኩባንያውን ሳትጠብቅና ሳታስፈቅድ፣ ለጎረቤቶቿ በነጻ ትጭናለች። የሃርትዊግንም ስልክ ከመሞቱ ከአራት ቀን በፊት የጫነችለት እሷው ናት።

በሦስተኛው ቀን ሳጅን ካላን ወረቀት ይዞ ቤቷ መጣ።

«ወይዘሮ ቬርና፣ ሁለተኛ እንደማይጭኑ ይፈርሙልኝ።»

«የገደለው የኔ ማሻሻያ ነው እያልከኝ ነው?»

«እኔ አላልኩም፤ ከተማው ነው የሚለው።»

«ከተማው እንዳሻው ያውራ! ስልኩን አምጣውና ፊትህ ልክፈተው። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ሳትለምነኝ እፈርማለሁ።»

አፏ እንዲህ ይድፈር እንጂ ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ሃርትዊግ የሠላሳ ዓመት ወዳጇ ነበር። «ገድዬው ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ውስጧን እየበላት ነው።

ሳጅኑ ካመነታ በኋላ የሃርትዊግን ስልክ ከያዘው የማስረጃ ላስቲክ አወጣው። ቬርና አዲስ ማሻሻያ ስትጭን፣ ስልኩ ኔትወርክ የሚያገኝበትንና የሚያጣበትን ሰዓት እንዲመዘግብ ታደርጋለች፤ ሥራዋን የምትፈትሸው በዚያ ነው። መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። ከዚያ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጥሪዎቹ የተሞከሩት አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው።

ቀና ስትል ፊቷ ላይ ሐዘን ሳይሆን ቁጣ ነበር።

«ይሄ ሰው ተገድሏል። በዚያን ዕለት ቤቱ ሊመጣ ቀጠሮ የነበረው ማን ነው?»

«ከጉድጓዱ የወጣውን ትልቅ ኦፓል ሊያሳያቸው የጠራቸው ሦስት ናቸው። ሦስቱም አልሄድንም ይላሉ።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃቸው። አንተ አጠገቤ ቁም።»

የመጀመሪያው የሃርትዊግ የማዕድን ሸሪክ፣ ሰርቢያዊው ዚቮይን ነበር። ነጭ አቧራ ለብሶ ከጉድጓዱ ወጣ።

«ዚቮይን፣ ሃርትዊግ ቤት ስትገባ ስልክህን የት ታስቀምጣለህ?»

«በሩ ጋ፣ መደርደሪያው ላይ ነዋ! ምን ነካሽ ቬርናዬ፣ አረጀሽ እንዴ?»

«ያን ቀን ለምን ቀረህ?»

«መሰርሰሪያዬ ተሰበረ። አራት ሰዓት ላይ ከጉድጓድ ወጥቼ፣ ሃርትዊግ ስልኩን በሩ ጋ ስለሚተወው አይሰማም ብዬ፣ እንደማልመጣ እንዲነግርልኝ ለኦፓል ገዢው ለኬስለር ደወልኩ። ያቺ የማሽን ሴትዮ ‹ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም› ብላ ዘጋችብኝ። ደግሞ ልንገርሽ፤ ከሞተ በኋላ የሃርትዊግ ሣጥን ውስጥ ያገኘሁት ኦፓል በሙጫ የተጣበቀ ሐሰተኛ ነው። የኛ አይደለም።»

ሁለተኛዋ የስልክ ኩባንያው ወኪል ሊያን ናት። ሃርትዊግ ከመሞቱ በፊት ጀምሮ የሱቋ መስኮት ላይ «ያልተፈቀደ ማሻሻያ ሕይወት ያሳጣል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፋለች።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» አለች ቬርና ማስታወቂያውን አይታ።

«ስድብሽን ጨርሰሽ ጠይቂኝ» አለች ሊያን። ስልኳን የት እንደምታስቀምጥ ስትጠየቅ ትከሻዋን ነቀነቀች። «መደርደሪያው ላይ። ዋሻ ውስጥ ኪስሽ ካስገባሽው ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ያን ቀን ደግሞ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሱቄ በሰው ተሞልቶ ነበር።»

ሦስተኛው ኬስለር ነው። ኦፓል ለመግዛት በየወሩ ከአደሌድ ከተማ እየመጣ፣ ከኔትወርክ ማማው ሥር ባለው ሞቴል ያርፋል።

«ስልኬን? ኪሴ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ሌላ የት ላስቀምጠው?»

«ያን ጠዋት የት ነበርክ?»

«የሞቴሉ በረንዳ ላይ። እስከ ስድስት ሰዓት ስልኬን ይዤ የሃርትዊግን ጥሪ ስጠብቅ ነበር።» ፈገግ አለ። «እማማ፣ ሰው ገድለው ደግሞ ሰው ይመረምራሉ?»

«ገና መች ጨረስኩ፣ ልጄ።»

በማግሥቱ ሁሉም ሃርትዊግ የሞተበት ክፍል ተሰበሰቡ።

«ስልካችሁን አውጡ» አለች ቬርና። «ሊያን፣ ያንቺ የኩባንያው ማኅተም ያለበት ነው። ኔትወርክ አለሽ?»

«የለኝም» አለች ሊያን ቀስ ብላ።

«የማንም የለም። እዚህ ውስጥ ስልክ የሚገድለው ከላያችን ያለው ድንጋይ ነው። ለዚህ ነው ሁላችንም ስልካችንን በሩ ጋ የምንተወው። የሃርትዊግም እስከ አራት ሰዓት ከአሥር እዚያው ነበር። እንግዲህ ፍረዱ፤ አንድ የቆሰለ ሰው ደረጃውን ወጥቶ በሩ ጋ ከደረሰና ስልኩን ካነሳ፣ እዚያው ይደውላል፤ መንገደኛም ይጣራል። ተመልሶ ወርዶ ከድንጋይ ሥር አይደውልም! ሃርትዊግ ራሱ ወድቆ እርዳታ የጠራ እንዲመስል ስልኩን አውርዶ የደወለው ሌላ ሰው ነው። ጥሪው እንቢ ሲለው የሊያን ማስታወቂያ እውነት መሰለው፤ ወንጀሉን በኔ ላይ ጥሎ ሄደ። ዋሻ ቤት የኖረ ሰው እንዲህ አይሳሳትም።»

ዓይኗን ኬስለር ላይ ተከለች።

«አንተ ከማማው ሥር፣ ስልክህን ይዘህ ነበርክ አልክ። ዚቮይን አራት ሰዓት ላይ ደውሎልህ ያጣህ ለምንድን ነው? ስልክህ ኪስህ ውስጥ፣ እዚህ ከድንጋይ ሥር ስለነበረ ነው። እውነተኛውን ኦፓል በሐሰተኛው ስትቀይር ሃርትዊግ ያዘህ።»

«የአሮጊት ተረት ነው!» አለ ኬስለር።

«ተረቱን ሻንጣህ ይጨርሰው» አለ ሳጅኑ። ጠዋት የፍርድ ቤት ትእዛዝ አውጥቶ ሞቴሉ ውስጥ የኬስለርን ሻንጣ ፈትሿል። እዚያ ያገኘውን ትልቁን ኦፓል ከራሱ ኪስ አወጣው። ዚቮይን ገና ሲያየው አለቀሰ፤ ኬስለር ቁጭ አለ።

ሲወጡ ከተማው በር ላይ ተሰብስቦ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ፊቱን ያዞረባት ሰው አሁን እጇን ሊጨብጥ ይጋፋል። ሳጅን ካላን ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«ይቅርታ ሊጠይቁዎት ነው። ቢሆንም መጫኑ አሁንም አይፈቀድም፣ ወይዘሮ ቬርና።»

ቬርና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ሳጅኑን አልፋ ሕዝቡ ፊት ቆመች።

«ይቅርታችሁን ለሃርትዊግ ቀብር ያዙት» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «ለኔ ስልካችሁን አምጡልኝ።»