መልስ ያልሰጠ ደም

«‹አልተገኘም› ነው የሚለው» አለች ጣቢታ የደም ምርመራውን ወረቀት ወደ መስኮቱ አዙራ። «ክትባቱ ደምህ ውስጥ ምንም መከላከያ አልፈጠረም ማለት ነው?»

ታላቅ ወንድሟ ሲላስ ወረቀቱን ነጠቃት። «ቀስ በይ፣ እማ ትሰማለች!»

እናታቸው ቦሰና ጓሮ አግዳሚ ወንበር ትደረድራለች። አንድ ኩላሊቷን ለሲላስ ስትሰጥ፣ «ሁለታችንም ከተረፍን ጉባኤውን ቤቴ እጠራለሁ» ብላ ለጌታ ቃል ገብታ ነበር። ዛሬ ምእመኑ ቡራዩ ድረስ መጥቶ፣ ሽማግሌዎቹ ሲላስ ላይ እጅ ጭነው ሊያመሰግኑ ነው።

ከወር በፊት ጣቢታና ሲላስ የኮሮና ማጠናከሪያ ክትባቱን አብረው ነበር የተከተቡት። ጣቢታ ክንዷ አብጦ ሁለት ቀን በትኩሳት ተንቀጠቀጠች። ሲላስን ግን ምንም አላለው፤ ያን ጊዜ ቀንታበት ነበር።

ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ ሲላስ በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት ሰውነቱ የእናቱን ኩላሊት እንደ ባዕድ እንዳያጠቃው በሽታ የሚከላከለውን የውስጥ ዘበኛ ያስተኛዋል። ያ ዘበኛ ክትባትም ቢቀሰቅሰው ላይነሳ ይችላል። ጣቢታ ወንድሟን አየችው። ፊቱ ሞልቷል፣ ይስቃል፣ ጤነኛ ይመስላል። ለእሷ ግን በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ማንም የሌለበት ቤት መሰላትና ፈራች።

«ሌላ ዶዝ ይሞክሩልኛል» አለ። «ዛሬን ብቻ አታበላሺባት።»

«እጅ ሊጭኑብህ እኮ ነው!»

«ፕሊስ ጣቢ፣ አታካብጂ።»

ከገፈርሳ ግድብ የተነሳው ጉም ባሕር ዛፎቹን ውጦ አጥሩ ጋ ደርሷል። ከውስጡ መዝሙር መጣ፤ ሰው ግን አይታይም። በመዝሙሩ መሀል አንድ ሰው ያስላል። ሳሉ ቆም ይላል፣ ደግሞ ቀረብ ብሎ ይሰማል። ጣቢታ ማን እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

«ደረሱ! ጣቢ፣ በሩን ክፈቺ!» አለች እናቷ ከጓሮ፣ በደስታ።

ጣቢታ መቀርቀሪያውን ሳበች። ራሷን ብቻ የሚያሳልፍ ያህል ከፍታ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ጋሼ ዱባለ» አለች ከፊት የቆሙትን ሽማግሌ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ እዚሁ ደጅ ሆናችሁ ጸልዩለት። ማንም መግባት የለበትም።»

መዝሙሩ ቀስ በቀስ ቆመ።

«ጣቢታ!» እናቷ በሩን ከውስጥ መታችው። «እንዴት እንግዳ ደጅ ታቆሚያለሽ? ምን ነካሽ?»

«ሲላስን ጠይቂው፣ እማ» አለች ጣቢታ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ።